ቆቡን ቀዶ የሚሰፋው መነኩሴ

ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል። ይህን ተረት መጀመሪያ የሰማሁት በአባዬ ላይ ሲተረትበት ነው። አቃቂ፣ ከቤታችን ደጃፍ ላይ፣ አባዬ በዚያ ሳምንት ለሦስተኛ ጊዜ የፈታታውን ሬዲዮ መልሶ ሲገጣጥም ቡና ሊጠጡ የመጡ ጎረቤታችን አዩትና ተረቱበት። ቤቱ ሳቀ። እኔም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሁና አብሬ ሳቅሁ። አባዬ ቀና አላለም፤ ብሎኗን በጣቶቹ መሐል ይዞ ማዞሩን ቀጠለ። ዛሬ ዐርባን አልፌ ያ ሳቅ ይቆጠቁጠኛል።

ሬዲዮው አልተበላሸም ነበር።

አባዬ ሃያ ሁለት ዓመት በጥጥ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ሠርቷል። ሥራው በሦስት ፈረቃ ነበር፤ ቤታችንም የሚተኛውና የሚነሣው በእሱ ፈረቃ ነው። የሌሊት ተረኛ ሲሆን እኛ ልጆች ቀኑን ሙሉ በሹክሹክታ እንጫወታለን። የጠዋት ሲሆን እማዬ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥታ ሻይ ታፈላለች፤ የፋብሪካው ጡሩንባ ሲነፋ እሱ ከደጅ ወጥቷል። ማሽኖቹ ሲንጓጉ ስለሚውሉ ቤት ውስጥም ጮክ ብሎ ነበር የሚያወራው። ሲገባ ቅንድቡ ላይ የጥጥ ብናኝ ስለሚታይ ታናሽ ወንድሜ አባዬ ሽማግሌ የሆነ ይመስለው ነበር።

በ1987 ዓ.ም. ቅነሳ መጣ። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ከውጭ የሚገባው ጨርቅ ረክሶ፣ ሳልባጁ በየመንገዱ ተነጥፎ፣ የአገር ቤቱ አቡጀዲ ፈላጊ ያጣበት ጊዜ ነበር። ለተቀነሱት የካሣ ገንዘብ ተሰጣቸው። አባዬ ገንዘቡን ለእማዬ አስረከበና በማግስቱ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ቆርቆሮውን አጠበቀ። ቤቱን ኖራ ቀባ። ከጓሮ ጎመን ተከለ፤ አጥሩን አፍርሶ አጠረ። ሁለት ወር ያህል እንዲህ ሲል ቆየና የሚጠገን ነገር አለቀ። ከዚያ በኋላ ነው ሬዲዮው የመጣው። ከሬዲዮው በኋላ ግን ምንም የመጣ ነገር የለም። የእጅ ሰዓቱን አውልቆ ከበሩ አጠገብ ካለች ምስማር ላይ ሰቀላት። ጢሙን መላጨት ተወ። የእድር ስብሰባ ሲሆን «ሂጂልኝ» እያለ እማዬን መላክ ጀመረ፤ ያ ሰው እኮ የእድሩ ጸሐፊ ነበር።

ጎረቤት ሰነፈ አለ። አክስቴ ዓይን ነው አለች። እማዬ ጠበል ወሰደችው፤ ሁለት ሱባኤ አደረሱ። ከሁሉም ለእውነቱ የቀረበችው እሷ ነበረች፦ «ሐሳብ ገብቶበት ነው» ትል ነበር። ድባቴ የሚለውን ቃል እኔ ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ነርስነት ስማር ነው።

ቪየና ከመጣሁ ወዲህ የምሠራው በአንድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው። ጡረታ ልትወጣ የተቃረበች የሥራ ባልደረባዬን አንድ የሌሊት ተራ ላይ ስለ አባዬ አጫወትኋት። በማግስቱ ጫፍ ጫፉ የተበላ መጽሐፍ አመጣችልኝ፤ «የማሪየንታል ሥራ አጦች» ይላል። ጸሐፊዎቹ ማሪ ያሆዳ፣ ፓውል ላዛርስፌልድና ሃንስ ጻይዝል ናቸው። በሁለት ሌሊት ጨረስሁት። የተጻፈው ስለ ኦስትሪያ ሠራተኞች ነው፤ አባዬን ግን በየገጹ አገኘሁት።

ማሪየንታል ከቪየና ደቡብ ምሥራቅ፣ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ርቃ፣ ግራማትኖይዚድል በምትባል ከተማ ሥር የምትገኝ የሠራተኞች ሰፈር ናት። ሄርማን ቶዴስኮ የተባለ ባለሀብት እ.ኤ.አ. በ1830 በወንዝ ዳር መፍተያ አቆመ። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት ሙሉ ሰፈሩ ፈተለ፣ ሸመነ፣ ጨርቅ አተመ። ፋብሪካው ለሠራተኞቹ ረጃጅም ባለ አንድ ፎቅ ቤቶች ሠራ። ሠራተኞቹ ደግሞ የቴአትር ክበብ፣ የእግር ኳስ ቡድንና ቤተ መጻሕፍት አቋቋሙ። የዓለም ኢኮኖሚ ሲናጋ ሁሉም በጥቂት ወራት ውስጥ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1929 በሐምሌ መፍተያው፣ በነሐሴ ማተሚያው፣ በመስከረም ማንጫው ተዘጋ፤ በየካቲት 1930 ሽመናውም ቆመ። ወዲያው ሕንፃዎቹን ማፍረስ ተጀመረ። ሠራተኛው በመስኮቱ ሲመለከት የሚታየው፣ ዕድሜውን የጨረሰበት ቤት ፍርስራሽና የተጨራመተ ቦይለር ሆነ።

አጥኚዎቹ ሲደርሱ ሰፈሩ 478 ቤተሰቦች፣ 1,486 ነፍስ ነበረው። ከአራቱ ቤተሰብ ሦስቱ የሚኖረው በሥራ አጥ ድጎማ ነው። ወጣቱ ላዛርስፌልድ መጀመሪያ ያሰበው ሠራተኛው በዕረፍት ጊዜው ምን ይሠራል የሚለውን ለማጥናት ነበር። የሶሻል ዴሞክራቶቹ መሪ ኦቶ ባወር ግን አገሩ በሥራ አጥ በተሞላበት ሰዓት ስለ ዕረፍት ማጥናት አሳፋሪ መሆኑን ነግሮት ወደዚህ መራው። ሎቴ ዳንሲገር የተባለች የሥነ ልቡና ባለሙያ በ1931 ክረምት እዚያው ሰፈር ገብታ ለሳምንታት ኖረች። አንድ ደንብ ነበራቸው፤ ማንም ሰው ለማየት ብቻ ወደ ሰፈሩ አይገባም፤ የሚሰጠው ነገር ይዞ ነው የሚገባ። ስለዚህ ከቪየና ልብስ ሰብስበው፣ አጥበውና ጠግነው አከፋፈሉ፤ ነጻ ሕክምና ከፈቱ፤ የልብስ ቅድና የስፖርት ትምህርት ሰጡ። በልብስ እደላው ሰበብ ቤት ለቤት ሲገቡ ሰው ሳይሸማቀቅ አወጋቸው። ይህን ደንብ እጅግ አከብረዋለሁ። በአገራችን መጠይቅ ይዞ ደሀ ቤት ገብቶ፣ ልብ የሚያደማውን ሁሉ ጠይቆ፣ በባዶ እጁ ገብቶ በባዶ እጁ የሚወጣ ብዙ አይቻለሁና።

አሁን ወደ ማሪየንታል ጎዳና ልምጣ። ባለፈው ክረምት ባቡር ተሳፍሬ የሄድሁት ለእሱ ነው። ሦስት መቶ ሜትር ያህል የሚሆን ዋና ጎዳና ነው፤ ነፋሱ ፊት ይልጣል፤ የሠራተኞቹ ቤቶች ታድሰው ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል። አጥኚዎቹ አንድ መስኮት ሥር ተደብቀው፣ ሰዓት ይዘው፣ የሚያልፈውን ሰው ፍጥነት ለኩ፤ ስንት ጊዜ እንደሚቆምም ቆጠሩ። ከወንዶቹ ሁለት ሦስተኛው ያህል በዚያች አጭር መንገድ ላይ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይቆማል። ሳይቆም ካሰበበት የሚደርሰው ከአሥሩ አንዱ ብቻ ነው። ሴቶቹ ከወንዶቹ ይፈጥናሉ። ደግሞ መቶ ወንዶችን አይተው 88ቱ ሰዓት እንዳላሰሩ መዘገቡ፤ ከእነዚያም ውስጥ ቤቱ ሰዓት ያለው 31 ብቻ ነበር።

እዚያ ጎዳና መሐል ላይ ቆሜ ያሰብሁት አባዬ ወደ ገበያ ሲላክ ነው። እማዬ በርበሬ እንዲያመጣ ትልከዋለች። ከድልድዩ አጠገብ ይቆማል፤ ወንዙን ያያል። ጥቂት ይሄድና የሰው አጥር ተደግፎ ይቆማል። እኔ ከኋላው ተልኬ ደረስሁበትና ምን እንደሚያይ ጠየቅሁት። «ምንም» አለኝ። እውነቱን ነበር። እማዬ ደግሞ በዚያው ሰዓት እንጀራ ጋግራ፣ ለሦስት ሻይ ቤት አድርሳ፣ ውኃ ቀድታ፣ ልጅ አጥባ ትሮጥ ነበር። ማሪየንታልም እንዲሁ ሆነ። ፋብሪካው ሲዘጋ የሴቷ ደሞዝ ቀረ እንጂ ቀኗ አልቀረም፤ እሳት ይነድዳል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ የተቀደደ ይሰፋል። የወንዱ ግን ቀኑም አብሮ ተዘጋ። አጥኚዎቹ በየሰዓቱ የሠራውን እንዲጽፍ ቅጽ ሲሰጡት ልጆቹን ቀስቅሶ ትምህርት ቤት እስከ መላኩ ይጽፋል፤ ከዚያ እስከ ምሳ ያለውን የሚጽፈው ያጣል። ሆኖም አብዛኞቹ ሴቶች፣ ያ ሁሉ ድርብ ሥራ ተመልሶ ቢመጣባቸው እንኳ፣ ፋብሪካው ቢከፈት እንደሚሻላቸው ተናግረዋል። ለእንጀራው ብቻ ብለው አይደለም፤ ከሰው ጋር መዋሉ ናፍቋቸው ነበር።

እኔን ከሁሉ ያስደነገጠኝ የቤተ መጻሕፍቱ ነገር ነው። ሰው ሥራ ሲፈታ ጊዜ ያገኛል፤ ጊዜ ያገኘ ያነባል ብለን እናስባለን። የውሰት ክፍያው ቀርቶ መጽሐፉ በነጻ ሲሰጥ ነበር። ሆኖም ከ1929 እስከ 1931 የተዋሱት መጻሕፍት ቁጥር በግማሽ ገደማ ወረደ። ጋዜጣም እንዲሁ፤ ለሥራ አጥ በቅናሽ ቢቀርብም አንባቢው ሸሸ። የአባዬ መነጽር አቧራ ለብሶ መስኮት ላይ የተቀመጠው ለምን እንደሆነ ያን ሌሊት ገባኝ። በፊት እኮ የሠራተኛ ማኅበሩን ወረቀት ሁሉ ጮክ ብሎ ለሰፈር የሚያነብ ሰው ነበር። በሙያዬ አሁን ሳየው ይህ የድባቴ ዋና ምልክት ነው፤ ቀድሞ ደስ ይል የነበረ ነገር ጣዕሙ ይጠፋል። ሰውየው ሰነፈ የምንለውም ያኔ ነው።

ምግቡ ሌላ ታሪክ ነው። ድጎማው የሚከፈለው በየአሥራ አራት ቀኑ ነበርና አጥኚዎቹ የልጆቹን የትምህርት ቤት ምሳ ከክፍያው ቀን በፊትና በኋላ ተመለከቱ። በዋዜማው ከልጆቹ ግማሹ ባዶ እጁን ወይም ደረቅ ዳቦ ይዞ መጥቷል፤ በማግስቱ እንዲህ የሆኑት ጥቂት ብቻ ናቸው። ውሻና ድመት ከሰፈሩ ሲጠፋ ባለቤቱ መጠየቅ ትቷል፤ ምን እንደሆነ ያውቃልና። ደግሞ ድጎማ የሚበላ ሰው አንዲት ሳንቲም ሲሠራ ከተገኘ ይቀጣል። አርሞኒካ ነፍቶ ጥቂት ሳንቲም ያገኘ ሰው፣ እንጨት ሲቆርጥ ያገዘ ሰው ድጎማው ተቋርጦበታል። የሚጠቁሙት ጎረቤቶቹ ነበሩ፤ ብዙው ጥቆማም ሐሰት ነበር። ሕግ ሰውየውን በረኃብ ይዞ እጁን እንዳያንቀሳቅስ ሲያስር ምን እንደሚተርፍለት አስቡት። መነኩሴው ቆቡን ቀዶ እንዳይሰፋ እንኳ ከለከሉት።

የገና ስጦታ ምን እንደሚሹ ልጆቹ ጽፈው ነበር። የአካባቢው ሌሎች ልጆች የሚመኙትን ሲጽፉ፣ የማሪየንታል ልጆች ብዙዎቹ «ወላጆቼ ገንዘብ ቢኖራቸው» ከሚል ሐሳብ ይነሣሉ። እኔም ያን ዓመት ለእንቁጣጣሽ ጫማ አልጠየቅሁም። ማንም አትጠይቂ አላለኝም።

ለረጅም ጊዜ ያልለቀቀኝ ደግሞ ሌላ ቁጥር ነው። አጥኚዎቹ በቅርብ ያወቋቸውን መቶ ቤተሰቦች በአራት መደቧቸው፦ ያልተሰበሩ፣ ኑሮን እንደ መጣ የተቀበሉ፣ ተስፋ የቆረጡ፣ ሁሉንም እርግፍ አድርገው የተዉ። ከመቶው 16ቱ ያልተሰበሩ፣ 48ቱ የተቀበሉ፣ 11ዱ ተስፋ የቆረጡ፣ 25ቱ የተዉ ነበሩ። ከዚያ ገቢያቸውን አሰሉ። ለአንድ አዋቂ ሰው በወር የሚደርሰው፣ ባልተሰበሩት ቤት 34 ሽልንግ፣ በሁለተኞቹ 30፣ በሦስተኞቹ 25፣ በመጨረሻዎቹ 19 ነው። ደግሜ አነበብሁት። ጠንካራ ነው የምንለውን ሰው እርም ካለው ሰው የለየው 15 ሽልንግ ነው! እኔ ክፍላችን ውስጥ ሰው ሲተኛ ቤተሰቡ መጥቶ «ድሮም ደካማ ነው» ሲል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። አዎ፣ ቀድሞ የኖረበት ኑሮና ያደገበት ቤትም ለውጥ ያመጣል፤ አጥኚዎቹም ይህን አልካዱም። ነገር ግን ገንዘቡ እየሳሳ ሲሄድ ያልተሰበረው ወደ ተቀበለው፣ የተቀበለው ተስፋ ወደ ቆረጠው እንደሚወርድ አስቀድመው ጽፈዋል። ተስፋ በቆረጠው ቤት ገና ሳህኑ ይታጠባል፣ ልጆቹ ይላጫሉ። በመጨረሻው ቤት ያም ይቀራል።

ዛሬ ይህ በትልልቅ ቁጥር ተፈትኗል። ቪክራም ፓቴልና ሦስት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2020 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ከብዙ አገር የተገኘውን ማስረጃ ገምግመው፣ ነገሩ በሁለት ወገን እንደሚሄድ አሳይተዋል፤ ድህነት ድባቴን ያመጣል፤ ድባቴም ሰውየውን ከሥራ ያርቀዋል። ለደሀ ቤተሰብ ገንዘብ ሲሰጥ ጭንቀቱ ይቀላል፤ ድባቴው ሲታከምም ሰው ወደ ሥራ ይመለሳል። እኛ አቃቂ ሳለን ግን ይህን የሚነግረን አልነበረም። የሚታወቀው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ወደዚያ የሚሄደው ደግሞ ጨርቁን የጣለ እንጂ ዝም ብሎ ደጃፉ ላይ የሚቀመጥ ሸማኔ አልነበረም።

በቋንቋችንም ነገር አዝናለሁ። «ሥራ ፈት» እንላለን። ሚስቱን ፈታ፣ በቅሎውን ፈታ እንደምንለው፣ ሥራውን ፈቶ የለቀቀው ሰውየው ራሱ ነው ያስመስለዋል። አባዬ አልፈታም። እሱን ነው የፈቱት። «ሥራ አጥ» የሚለው ይሻላል፤ ማጣት ኀዘን አለበትና። በአቃቂ ግን «ሥራ አጥ» የመንግሥት ወረቀት ላይ ያለ ቃል ነበር፤ በሰው አፍ ሁሌም ሥራ ፈት ነው።

መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1933 ላይፕዚግ ላይ ታተመ። የጸሐፊዎቹ ስም የአይሁድ ስም መሆኑ ስለሚታወቅ ሽፋኑ ላይ አልወጣም፤ አብዛኛውም ቅጂ በናዚዎች ዘመን ጠፋ። ማሪ ያሆዳ በ1936 ታሰረች፤ በ1937 አገር ለቃ እንድትወጣ ተብሎ ተፈታችና እንግሊዝ ገባች። እዚያም ሥራ ወዳጡ የዌልስ ማዕድን ቆፋሪዎች ሄዳ እንደገና ጠየቀች። እስክትሞት ድረስ፣ እስከ 2001፣ የምትለው አንድ ነገር ነበር፦ ሥራ ከደሞዝ በተጨማሪ ለሰው ቀኑን ይከፋፍልለታል፣ ከቤተሰቡ ውጭ ሰው ያገናኘዋል፣ ከራሱ ለሚበልጥ ነገር ያውለዋል፣ ማን እንደሆነ ይነግረዋል። በእሷ ዘመን ብዙዎች፣ ረኃብተኛ ሠራተኛ ይነሣል፣ ያምፃል ብለው ይጠብቁ ነበር። ማሪየንታል ያሳየቻት የደከመ ሰው ነው።

በዚያችው ግራማትኖይዚድል እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2020 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት፣ ከዓመት በላይ ሥራ ላጣ ሰው ሁሉ፣ ከፈለገ፣ ደሞዝ የሚከፈልበት ሥራ ተሰጠው። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተከታትለው ሲያጠኑት፣ ሥራው የተሰጣቸው ሰዎች ገቢ ብቻ ሳይሆን የቀናቸው ሥርዓት፣ የሰው ግንኙነታቸውና ዋጋ አለኝ የሚል ስሜታቸው መሻሻሉን አገኙ። ያሆዳ የዘረዘረቻቸው ነገሮች ናቸው፣ ከዘጠና ዓመት በኋላ፣ በዚያው መንደር።

አባዬ ከሁለት ዓመት በኋላ በአንድ ትምህርት ቤት ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ያመጣለት የእድሩ ዳኛ ነው፤ ደሞዙ ከፋብሪካው ግማሽ አይሞላም፤ እማዬ ገንዘቡን ሰምታ ዝም አለች። በመጀመሪያው ቀን ግን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የውኃ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። በኩራዝ ብርሃን፣ ከስባሪ መስታወት ፊት ቆሞ ጢሙን ይላጫል። ሲጨርስ ሰዓቱን ከምስማሯ አወረዳት፤ ቆማ ነበር። በካናቴራው ጠርጎ ጆሮው ላይ አስጠጋት፤ ሞላት። ከዚያ ወደ መኝታዬ ዞሮ፣ እንደ ፋብሪካው ጊዜ ጮክ ብሎ፣ «ልጄ፣ ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ።